ገመዱ ተበጠሰ

ፌሮው ከቴክሱ ጆሮ ሥር ሽው ብሎ አልፎ የመሪ ክፍሉን በር ሰነጠቀው። ቴክሱ ወደ ኋላ አላለም። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ቁርጥማት ይይዘዋል፤ ደረጃ ሲወጣ ያቃስታል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ቁርጥማቱ የት እንደገባ እሱም አያውቅ። መንጠቆ ያለበትን ረጅም ዘንጉን በሁለት እጁ ጨብጦ ፌሮ የሰነዘረበትን ቻይናዊ ደረቱን ደቆሰው። ሰውዬው ተንገዳግዶ በሚርመሰመሱ ሸርጣኖች ላይ ተዘረረ። ሸርጣኖቹ የቴክሱ ናቸው። በእሱ መረብ ተይዘው፣ ከመረቡ ጋር ተቆርጠው ዘሎ የገባበት የቻይናውያኑ ጀልባ ላይ የተጫኑ። በገዛ እጁ የራሱን ጀልባ ስም፣ «ዴሶንግ» ብሎ የጻፈበት ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ኳስ እንኳ እዚያው አጠገባቸው ተጥሏል።

ማንቦክ ከኋላው ገና እየተሻገረ ነበር። ማንቦክ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የዴሶንግ ሞተረኛም እሱው ነው። ግራ እጁን የቻይናውያኑ ጀልባ ጠርዝ ላይ አድርጎ አንድ እግሩን ሲያነሳ፣ የጀልባዋ ካፒቴን፣ አጠር ያለ ባለ ቀይ ሹራብ ሰው፣ በመጥረቢያ እጁ ላይ አሳረፈበት። ማንቦክ አልጮኸም። ጠርዙ ላይ የቀሩትን ሁለት ጣቶቹን የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ ሁሉ ለአፍታ አያቸው። ከዚያ ተሻገረ። በደህና እጁ ካፒቴኑን አንገቱን አንቆ በቴስታ አፍንጫውን አለው፤ ደገመው፤ ሠለሰው። መጥረቢያው ባሕር ውስጥ ገባ፤ ከጣቶቹም አንዱ ተከተለው።

ሦስተኛው የዴሶንግ ሰው ሶንግጉ ነው። ተወልዶ ያደገው ቻይና፣ ከወንዝ ማዶ ካሉት ኮሪያውያን መንደር ስለሆነ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ያውቃል። ጠብ የሚባል ነገር አይወድም። ባዶ እጁን ወደ ላይ አንስቶ በቻይንኛ ጣሉት፣ ጣሉት፣ የሚገድላችሁ የለም እያለ ይለፈልፋል። የቀሩት ሁለቱ የያዙትን ጣሉ።

አምስተኛው ሰውዬ ግን አልጣለም። የበረዶ አካፋ ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል። ሌሎቹ ተሳድበዋል፣ ጮኸዋል፣ ለምነዋል፤ ይሄኛው ከንፈሩን እንኳ አላላወሰም። ቴክሱን ያበገነው ያ ዝምታ ነው። ንቀት መሰለው። አካፋውን ጣል አለው፤ ሶንግጉም በቻይንኛ ደገመለት። ሰውዬው ዝም። ቴክሱ ዘንጉን ገልብጦ በወፍራሙ በኩል ጭንቅላቱን ሲለው በጉልበቱ ወደቀ። አንዴ ደገመው። ሁለተኛው ምት አያስፈልግም ነበር፤ ቴክሱም እጁን ሲያነሳ ያውቀዋል።

«እማዬ» አለ ሰውዬው። «ወይኔ እማዬ።»

ያለው በኮሪያኛ ነው። ደግሞ በማንኛውም ኮሪያኛ አይደለም፤ የቃሉን ጫፍ ጎተት አድርጎ፣ ልክ የቴክሱ እናት ትናገር እንደነበረው። እናቱ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከማዶ፣ ከሰሜን፣ ሸሽታ ወደ ሃክዶ ደሴት ስትሻገር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ለሁለት ሳምንት ብለው ነበር የወጡት። ከስድሳ ዓመት በላይ በየማለዳው ወደቡ ላይ ቆማ ቤቷ የነበረበትን ኮረብታ ስታይ ኖራ፣ ሳትመለስ ሞተች። ዘንጉ ከቴክሱ እጅ ወደቀ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ቴክሱን ብትጠይቁት አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት አውጥቶ ያሳያችኋል። ጦርነቱን ያቆሙት ጄኔራሎች የብሱ ላይ መስመር አሰመሩ፤ ባሕሩን ግን ረሱት፤ ወይም ደከማቸው። ኋላ በደቡብ በኩል ያለው ጦር ባሕሩ ላይ የራሱን መስመር ቢያሰምር፣ ሰሜኖቹ አናውቀውም አሉ። ሰባ ዓመት አለፈ። የደቡብ ባሕር ኃይል ወደ መስመሩ ሲጠጋ የሰሜን መድፍ ከዋሻው ብቅ ይላል፤ የሰሜን ጀልባ ሲጠጋ የደቡቡ ይዞርበታል። ያ ማንም የማይደፍረው ክፍተት ለቻይና ጀልባዎች ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ስማቸውን በቀለም ደልዘው፣ ባንዲራቸውን አውርደው፣ በጉም ይገቡና መረቡን ከነሸርጣኑ ቆርጠው ይወስዳሉ። ሲባረሩ መስመሩን ተሻግረው ያሾፋሉ።

ቴክሱ የደሴቲቱን ዓሣ አጥማጆች ወክሎ ስምንት ጊዜ ዋና ከተማ ተመላልሷል። አንዴ አንድ ወጣት ባለሥልጣን ግድግዳ ላይ ካርታ አብርቶ ሦስት መንግሥታት፣ አንድ የተኩስ አቁም ኮሚሽን፣ አንድ የባሕር ሕግ ስምምነት እያለ ቆጠረለትና ጉዳዩ ውስብስብ ነው አለው። ዘንድሮ ደግሞ በአንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ሁሉም ወገኖች እንዲታቀቡ ተጠየቀ ሲባል በሬዲዮ ሰማ። የሃክዶ ሰው ከመታቀብ ሌላ ምን ሠርቶ ያውቃል? በዚያ ጠዋት ስድስቱ ጀልባዎች ፀሐይ ወጥታ የመውጫ ፈቃድ ሲሰጣቸው፣ በልባቸው ሌላ ነገር ይዘው ነው የወጡት። አንዱን ሌባ ከነጀልባው ይዘን ወደቡ ላይ እንገትረው፤ ቴሌቪዥን ይቅረጸው፤ ያኔ ዓለም ይሰማናል። ሐሳቡ የማኅበሩ ሊቀመንበር የዮ ፒልጂን ነው። በጉሙ ተለያይተው ሌባውን ቀድሞ ያገኘው ግን ቴክሱ ሆነ።

ሶንግጉና ቴክሱ ተያዩ። ሶንግጉም ሰምቷል። ማንቦክ አልሰማም፤ በአንድ እጁና በጥርሱ ካፒቴኑን በመረብ ክር እየጠፈረ ነበር። አራቱን ቻይናውያን የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ ዘግተውባቸው፣ ሶንግጉ የቀረችውን አንዷን ጣት ከጠርዙ ሥር አገኛት። በላስቲክ ጠቅልሎ የዴሶንግ የበረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጣት። ማንቦክ እጁን በፎጣ አስሮ ወደ ጀልባቸው ሲሻገር ፊቱ ወረቀት መስሏል።

ቴክሱ ከቆሰለው ሰው አጠገብ ተቀመጠ። ሰውዬው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጉንጩ የገባ፣ እጁ የዓሣ አጥማጅ እጅ። ደሙ አንድ ዓይኑን ደፍኖታል።

«ከየት ነህ?» አለው ቴክሱ።

ሰውዬው ቻይናውያኑ ወደተዘጉበት በር አየ።

«ሰምቼሃለሁ እኮ። አሁን ምን ዝም ያሰኝሃል?»

ሰውዬው በአገጩ ወደ ሰሜን አመለከተ። ከዚያ በሹክሹክታ ተናገረ። ቻይናውያኑ እዚያ ለማጥመድ ለመንደሩ የዓሣ ጣቢያ ይከፍላሉ፤ ጣቢያው ደግሞ እሱን መንገድ እንዲያሳያቸው ይሰጣቸዋል፤ ከአለቱና ከፈንጂው የትኛው የት እንዳለ የሚያውቅ እሱ ነው። ለእሱ ዱቄትና ዘይት ይደርሰዋል። ቋንቋው እንዳያጋልጠው ጠብ ቢነሳ አፉን እንዳይከፍት ታዟል።

«አፌን ብከፍት ኖሮ አትመታኝም ነበር?» አለ።

ቴክሱ ዘንጉን በእግሩ ገፋ አድርጎ አራቀው። ሁለተኛው ምት ገና እጁ ላይ ይነዝረዋል።

«ሐኪም ቤት አለን» አለው። «ይሰፉሃል። መመለስ ከፈለግህም ይመልሱሃል። የመለሷቸው አሉ።»

«መመለሱን ይመልሱኛል። ግን በደቡብ ቴሌቪዥን የታየ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል? ምን ነገርካቸው? ማን መልምሎህ ሄድክ? እኔ ሳልደርስ ልጆቼን ወደ እስር ካምፕ ይጭኗቸዋል። ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ታላቂቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።» የቴክሱን እጅጌ ያዘ። «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ባሕር ውስጥ ጣለኝ። የሰጠመ ሰው ቤተሰብ አይነካም።»

ወንድም ጋሼ አለው። ጭንቅላቱን የፈነከተውን ሰው። ቴክሱ ተነሥቶ ወደ ዴሶንግ ተሻገረ፤ የማሰሪያ ጨርቅ ፈለገ፤ ያለው ፎጣ ማንቦክ እጅ ላይ ነው። ከመሪ ክፍሉ በር በላይ ደረቅ ዓሣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ሚስቱ ጆምሱን ወቅቱ የተከፈተ ቀን፣ የአሳማ ራስ ለባሕሩ መሥዋዕት ቀርቦ ሶጁ የተባለው አረቄ ውኃው ላይ ሲረጭ፣ ለመልካም ዕድል ያሰረችው ነው። የሸርጣን ወቅት ሳያልቅ እሱን የሚፈታ ሰው ጤነኛ አይደለም። ቴክሱ የመረብ ቢላዋውን መዝዞ ክሩን በጠሰና ጨርቁን አወረደ። ማንቦክ ከበረዶ ሳጥኑ አጠገብ ሆኖ አየው።

የሰውዬውን ጭንቅላት እያሰረ ሳለ መድፉ ጮኸ። ከሰሜን ነው። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ውኃው እንደ ዛፍ ቆመና ወደቀ፤ ማዕበሉ ሁለቱን ጀልባዎች አላተማቸው። ፊተኛዋ ክፍል ውስጥ የተዘጉት ሰዎች በሩን መደብደብ ጀመሩ። ሁለተኛው ጥይት የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም፤ ተኳሹም በዚያ ጉም አያውቅም።

የባሕር ኃይሉ ድምፅ በሬዲዮ ተከተለ። ዴሶንግ ከመስመሩ ስድስት መቶ ሜትር ላይ ናችሁ፤ አሁኑኑ ወደ ደቡብ ውጡ፤ እኛ ወደዚያ መጠጋት አንችልም፤ በመገናኛው ነጥብ ላይ እንረከባችኋለን። ቴክሱ ሶንግጉን በቻይናውያኑ ጀልባ ላይ መሪ እንዲይዝ ተወው፤ ወፍራሙን ገመድ ከዴሶንግ ኋላ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ አሰረና መጎተት ጀመረ። ገመዱ ተወጠረ፤ ቋጠሮው እየተጨማደደ ድንጋይ ሆነ።

ጉዞው የቀንድ አውጣ ነው። ሬዲዮው ግን ፋታ አልሰጠውም። ዮ ፒልጂን ከጉሙ ውስጥ ከሆነ ቦታ ድምፁ እየተቆራረጠ ያወራል። የአራት ሰዓቱ መርከብ ሦስት የካሜራ ሰዎች ይዞ እየመጣ ነው፤ ሴቶቹ ወደቡ ላይ ጨርቅ ዘርግተዋል፤ ቴክሱ፣ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ስምንት ዓመት የለመንነውን በአንድ ጠዋት ሠራኸው አለው። ሽማግሌው እያለቀሰ ይመስላል። ቴክሱ አዎ፣ አዎ እያለ ይመልሳል። በዚያ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ያላገኘውን ነገር አሁን በገመድ እየጎተተው ነው። ያኮራው ነበር። ያ «እማዬ» ባይኖር ኖሮ ያኮራው ነበር።

ጉሙ ከፊት ለፊት መሳሳት ሲጀምር ሞተሩን አቀዘቀዘ። ማንቦክ ወዲያው ቀና አለ። የሞተሩን ድምፅ እንደ ልጁ ድምፅ ያውቀዋል።

«ምን ሆነ?»

ቴክሱ ሁሉንም ነገረው። አምስተኛው ሰው የማዶ ሰው እንደሆነ፣ ልጆቹን፣ የመንደሩን ጣቢያ፣ ባሕር ውስጥ ጣለኝ ማለቱን። ማንቦክ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ አዳመጠው።

«ታዲያ?» አለ። «የማዶ ሰው ሌባ አይሆንም?»

«ይሆናል።»

«መንገድ እየመራ ወደ መረባችን ያመጣቸው እሱ ነው።»

«እሱ ነው።»

«ስለዚህ?»

«እለቃቸዋለሁ።»

ማንቦክ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም ነበር። እሺ እሱን ልቀቀው፣ ካፒቴኑን ግን እኔ አልለቅም፤ ያን ባለ ቀይ ሹራብ አንጠልጥዬ ነው ወደብ የምገባው አለ። ቴክሱም ይህንን አስቦበታል። ካፒቴኑ ከተያዘ በመጀመሪያው ጥያቄ የአምስተኛውን ሰው ነገር ይዘረግፈዋል፤ ለማን ብሎ ይደብቃል? ሶንግጉ ቀደም ሲል ሰውዬውን ቻይናዊ ነው ብለን እናሳልፈው ብሎ ነበር፤ የደህንነት ሰዎቹ ግን አንድ ሰዓት አይፈጅባቸውም። ወይ ሁሉም ይገባሉ ወይ ሁሉም ይሄዳሉ።

«ሁለት ጣቴ ነው የሄደው፣ ጋሼ» አለ ማንቦክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ምን ልበል? ለምን ሄደ ልበል?»

ቴክሱ ወደ በረዶ ሳጥኑ አየ። «ደግሞ ጉተታውን ከተውን ቶሎ እንደርሳለን» አለ። «ሄሊኮፕተር ቢመጣ የቀረችውን እንኳ…»

«በጣቴ አታመካኝ።» ማንቦክ ተነሣ። «ማድረግ የምትፈልገውን አድርግ፤ ካፒቴኑ አንተ ነህ። በእኔ ጣት ግን አታመካኝ።»

ፊቱን አዙሮ በረዶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

ቴክሱ ገመዱን በእጁ እየሳበ ጀልባዋን ወደ ዴሶንግ ኋላ አቀረባት። ሶንግጉ ከመሪ ክፍሉ ብቅ አለ። ቴክሱ በሩን ክፈትላቸው፣ ካፒቴኑን ፍታው፣ የሞተሩን ቁልፍ ስጠውና ዝለል አለው።

«እርግጠኛ ነዎት፣ ካፒቴን?»

«አይደለሁም። ዝለል።»

ሶንግጉ የታዘዘውን አደረገ። ባለ ቀይ ሹራቡ ካፒቴን አፍንጫው አብጦ፣ ወጥመድ የገባ እየመሰለው ወደ ውጭ ወጣ። ሶንግጉ ከዴሶንግ ላይ ሆኖ በቻይንኛ ነገረው፦ የቆሰለውን ሰው በደህና አድርሰው፤ መረብ መጫኛው ክፍል ውስጥ ወድቆ ነው በል። ካፒቴኑ መጀመሪያ ሶንግጉን፣ ቀጥሎ ማንቦክን አየ። ማንቦክ ፊቱን አላዞረለትም። ነጭ ጨርቅ በጭንቅላቱ የጠመጠመው ሰው ጥግ ላይ በክርኑ ተደግፎ ወደ ቴክሱ አየ። አላመሰገነም፤ ወደ ቻይናውያኑ ዞር ብሎ መልሶ ዝም አለ።

ቴክሱ ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ። ውኃና ጭነት አጥብቀውታል፤ ጣት የሚገባበት የለም። የመረብ ቢላዋውን አወጣና በሁለት ስንዘራ ቆረጠው። የቻይናውያኑ ሞተር ሳል ሳል አለና ተነሣ፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን አዙራ ወደ ሰሜን ጉሙ ውስጥ ገባች። የቴክሱ ሸርጣኖችም፣ መረቡም፣ ብርቱካናማው ኳስም አብረዋት ሄዱ። ድምፅዋ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሁለተኛ መድፍ ይጮህ ይሆን ብለው ጠበቁ፤ አልጮኸም።

ቴክሱ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ጥቂት እንደሄዱ የባሕር ኃይሉ ሬዲዮ ጠራ።

«ዴሶንግ፣ ዴሶንግ። የያዛችሁት ጀልባ ላይ ስንት ሰው አለ?»

ቴክሱ የሬዲዮውን ቁልፍ ጨብጦ ቆየ። ዮ ፒልጂንም፣ አምስቱም ጀልባዎች በዚያው መስመር ያዳምጣሉ። ወደቡ ላይ ጨርቅ የዘረጉት ሴቶችም፣ ከእነሱ መሃል ጆምሱንም፣ በማኅበሩ ቤት ድምፅ ማጉያ ሳያዳምጡ አይቀሩም። ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች ዋሽቶ አያውቅም። ዓለም ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል እንኳ እሱ እውነቱን ብቻ ነበር የሚጽፈው።

«ጀልባ የለም» አለ። «ገመዱ ተበጠሰ። በጉሙ አመለጡን። እጁን የተመታ ሰው ይዣለሁ፤ ሄሊኮፕተር ጥሩልን።»

ከዚያ የዮ ፒልጂን ድምፅ መጣ፤ ቴክሱ፣ ምን አልክ፣ አልሰማሁህም፣ ድገመው እያለ። ቴክሱ አልደገመውም።

የባሕር ኃይሉ ድምፅ ተመለሰ። «ተቀብለናል። መገናኛው ነጥብ ላይ ሐኪም እናደርሳለን። ለሪፖርቱ የተበጠሰውን ገመድ እናየዋለን፤ እንዳትጥሉት።»

ቴክሱ ወደ ኋላ ዞረ። የገመዱ ጫፍ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ የተቆረጠበት ቦታ በቢላዋ እንደተከፈለ ቀይ ሥር ጠፍጣፋና ልሙጥ ነው። ከክብደት የተበጠሰ ገመድ እንዲህ አይደለም፤ ይጎፈራል፣ ክሩ ይበታተናል። ይህንን ባሕር ኃይል ውስጥ ያለ የሁለት ወር ምልምል እንኳ ያውቀዋል።

ማንቦክም እያየው ነበር። ከበረዶ ሳጥኑ ላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የገመዱን ጫፍ በጉልበቶቹ መሃል አጣበቀው። በደህና እጁ አንዱን ፈትል ያዘና ሌላውን በጥርሱ ነክሶ ሳበው፤ ልሙጡ ጫፍ ትንሽ ተበታተነ፤ መልሶ ነከሰው። በፎጣው ውስጥ ያለው ደም ሱሪው ላይ ይንጠባጠባል። ሶንግጉ ሊያግዘው ቢጠጋ በክርኑ ገፋው።

ቴክሱ መሪውን ለቆ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«መሪህን ያዝ» አለው ማንቦክ፣ ገመዱን ከጥርሱ ሳያወጣ።